ቸኮሌት፡- የሚባለውና የተረጋገጠው

ስለ ቸኮሌት ሁለት ዓይነት ወሬ ይወራል፡፡ አንደኛው ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው የክስ ወሬ ነው፡፡ ጥርስ ይበላል፣ ወስፋት ያመጣል፣ ብጉር ያወጣል፣ ራስ ምታት ይቀሰቅሳል፣ ልጅ ያቅበጠብጣል ይባላል፡፡ ሁለተኛው ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ የመጣ የምስጋና ወሬ ነው፡፡ ልብ ይጠግናል፣ የደም ግፊት ያወርዳል፣ ደም ይሆናል፣ ያከሳል፣ አእምሮ ይስላል፣ ፍቅር ያነሳሳል ይባላል፡፡ አንድ ምግብ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊሆን አይችልም፡፡ ወይ ከሳሾቹ፣ ወይ አመስጋኞቹ፣ ወይም ሁለቱም ወገኖች ያልተመረመረ ነገር ይዘው ቆመዋል ማለት ነው፡፡

ነገሩ የጨዋታ ማጣፈጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቦታ ባልተሰጠው ነበር፡፡ ነገር ግን ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ግፊት ላለባት እናቱ "ይኼኛው ጥቁሩ መድኃኒት ነው" ብሎ ሲያቀብል፣ ስኳር ያለበት ሰው "ጥቁር ከሆነ አይጎዳም" ብሎ ጥቅሉን ሲጨርስ፣ ወሬው ከጨዋታ አልፎ ጤና ላይ ይደርሳል፡፡ ስለዚህ ክሱንም ምስጋናውንም ማስረጃ መጠየቅ ተገቢ ነው፡፡

የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2001 ላይ ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን የማስረዳት ሸክም እንዳለበት ይደነግጋል፡፡ መርሁ ከፍርድ ቤት ውጭም ይሠራል፡፡ ቸኮሌት ያድናል የሚል ያስረዳ፤ ይገድላል የሚልም ያስረዳ፡፡ የሚቀርበው ማስረጃ ሲመዘን ደግሞ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፡፡ የተመረመረው ምንድን ነው? እንዴት ተለካ? ወጪውን ማን ሸፈነ?

ለመሆኑ ቸኮሌት ምንድን ነው?

ካካዎ የዛፍ ፍሬ ነው፡፡ የዛፉ መነሻ ደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን፣ ዛሬ ግን ከዓለም ምርት ከግማሽ የሚበልጠው ከኮትዲቯርና ከጋና የሚመጣ ነው፡፡ ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለዛፉ "ቴዎብሮማ" የሚል ስም አውጥቶለታል፡፡ ትርጉሙ በግሪክኛ የአማልክት ምግብ ማለት ነው፡፡ ማያዎችና አዝቴኮች የሚያውቁት ካካዎ ግን ከዛሬው ጣፋጭ ጋር አይገናኝም፡፡ የሚጠጣ፣ መራራ፣ አንዳንዴም ሚጥሚጣ መሰል ቅመም የሚገባበት ነበር፡፡

ስኳሩን የጨመሩት አውሮፓውያን ናቸው፡፡ ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1828 የቫን ሆውተን ቤተሰብ የካካዎውን ቅቤ ጨምቆ ከዱቄቱ የሚለይ መጭመቂያ አስመዘገበ፡፡ የእንግሊዙ ፍራይ እ.ኤ.አ. በ1847 ዱቄቱን፣ ቅቤውንና ስኳሩን መልሶ አዋህዶ የሚበላ ቸኮሌት ሠራ፡፡ ስዊዘርላንዳዊው ዳንኤል ፒተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1875 ወተት ጨመረበት፡፡ እንግዲህ ዛሬ ቸኮሌት ብለን የምንገዛው የሦስትና የአራት ነገሮች ድብልቅ እንጂ ካካዎ ብቻውን አይደለም፡፡

ድብልቁ ምን ያህል ካካዎ ሊኖረው እንደሚገባ ሕግ የሚወስንባቸው አገሮች አሉ፡፡ በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ መሠረት የወተት ቸኮሌት ለመባል ቢያንስ 25 በመቶ የካካዎ ይዘት ያስፈልጋል፡፡ በአሜሪካ ግን 10 በመቶ በቂ ነው፡፡ ነጭ ቸኮሌት የሚባለው የካካዎ ቅቤ እንጂ የካካዎ ዱቄት የለውም፡፡ ስለ ስሙ እንኳ ክርክር ተነስቶ ያውቃል፡፡ ስፔንና ጣሊያን ከካካዎ ቅቤ ሌላ የአትክልት ስብ የተጨመረበትን ቸኮሌት "የቸኮሌት ምትክ" ተብሎ ካልተሸጠ በሚል ቢከለክሉ፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ክልከላው የሸቀጦችን ነፃ ዝውውር ይፃረራል ሲል ፈርዶባቸዋል፡፡ ተጨማሪው ስብ በመለያው ላይ ከተገለጸ ይበቃል ነው የፍርዱ መንፈስ፡፡

የጤናው ምስጋና ሁሉ የሚያርፈው ፍላቫኖል በሚባሉ በካካዎ ውስጥ በሚገኙ መራራ ንጥረ ነገሮች ላይ ነው፡፡ እነዚህ ንጥረ ነገሮች ፍሬው ሲብላላና ሲቆላ ይቀንሳሉ፡፡ ምሬቱ እንዲለዝብና ቀለሙ እንዲጠቁር ዱቄቱ በአልካሊ ሲታሽ ደግሞ ከሞላ ጎደል ይጠፋሉ፡፡ ስለዚህ የቸኮሌት ጥቁረት የፍላቫኖሉ ምስክር አይደለም፡፡ በጥቅሉ ላይ የሚጻፈው "70 በመቶ" የሚለው ቁጥርም የዱቄቱና የቅቤው ድምር ነው፡፡ ስለ ፍላቫኖል የሚናገረው ነገር የለም፡፡ የቀረው 30 በመቶ ደግሞ በአብዛኛው ስኳር ነው፡፡

ይህ ልዩነት መያዝ አለበት፡፡ አብዛኛው የተሳሳተ እምነት የሚመነጨው ስለ ፍሬው ወይም ከፍሬው ስለተጣራው ንጥረ ነገር የተገኘውን ማስረጃ ለጣፋጩ አሳልፎ በመስጠት ነው፡፡

ክሶቹ

ጥርስ ይበላል፡፡ ጥርስ የሚበላው ካካዎ ሳይሆን ስኳር ነው፡፡ በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርስን ልባስ ያሟሟል፡፡ በዚህ ጉዳይ ላይ ከባድ ማስረጃ የተገኘው በአሳፋሪ መንገድ ነው፡፡ ስዊድን ውስጥ ቪፔሆልም በተባለ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፈቃዳቸውን ሊሰጡ የማይችሉ ሕሙማን ጣፋጭ ያለ ልክ እንዲበሉ ተደርጎ ጥርሳቸው ሲበሰብስ ተመዘገበ፡፡ የጥናቱ ውጤት ግልጽ ነበር፡፡ ከምግብ ጋር የተበላ ስኳር ጉዳቱ አነስተኛ ሲሆን፣ በምግብ መካከል የሚበላና ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭ ግን ጥርስን ያወድማል፡፡ ቸኮሌት ቶሎ ስለሚቀልጥ ከሚጣበቀው ካራሜላ ይሻላል፡፡ ቀኑን ሙሉ በየደቂቃው የሚቆረስ ከሆነ ግን የሚሻል ነገር የለውም፡፡

ወስፋት ያመጣል፡፡ ይህ ከእናቶቻችን የወረስነው ማስፈራሪያ ነው፡፡ ወስፋት የሚመጣው እንቁላሉ ካለበት አፈር፣ ካልታጠበ እጅና በሚገባ ካልታጠበ አትክልት ነው፡፡ እንቁላሉ ካልተዋጠ ምንም ያህል ጣፋጭ ቢበላ ወስፋት አይፈጠርም፡፡ ማስፈራሪያው ልጁን ከስኳር አርቆ ሊሆን ይችላል፤ ዋናውን መከላከያ ማለትም እጅ መታጠብንና መፀዳጃ ቤትን ካስረሳ ግን ጉዳቱ ያመዝናል፡፡

ብጉር ያወጣል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ቸኮሌትን ነፃ አወጣው፡፡ ብጉር ያለባቸው 65 ሰዎች፣ ከእነዚህም ውስጥ እስረኞች የሚገኙበት፣ ለአራት ሳምንት ካካዎ የበዛበት ቸኮሌት በኋላም ካካዎ የሌለበት ማነጻጸሪያ ጣፋጭ ተሰጣቸው፤ ልዩነት አልተገኘም፡፡ ሐኪሞችም ለብዙ ዓመታት "ምግብና ብጉር አይገናኙም" ሲሉ ኖሩ፡፡ ጥናቱ ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበረበት፡፡ ማነጻጸሪያው ራሱ በስኳርና በስብ የተሞላ ነበር፡፡ ስኳር ከስኳር ጋር ቢነጻጸር ልዩነት ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ2007 አውስትራሊያ ውስጥ በ43 ወጣት ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት የደም ስኳርን ቶሎ የማይሰቅል ምግብ ለ12 ሳምንት የበሉት ብጉራቸው ከሌሎቹ የበለጠ ቀንሷል፡፡ ስለዚህ እናቶች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፡፡ ጥርጣሬው ግን ከካካዎው ይልቅ በስኳሩና በወተቱ ላይ ያርፋል፡፡

ራስ ምታት ይቀሰቅሳል፡፡ ማይግሬን ያለባቸው ብዙ ሰዎች ቸኮሌት ይከሳሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት 63 ሴቶችን ወስዶ ቸኮሌትና በጣዕም የሚመስለውን ካሮብ የተባለ ምትክ፣ ማን የትኛውን እንደበላ ሳይታወቅ፣ ሰጥቶ አወዳድሯል፡፡ ቸኮሌቱ ከምትኩ የበለጠ ራስ ምታት አላመጣም፡፡ ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ደስ ይላል፡፡ ማይግሬን ሕመሙ ከመጀመሩ ከሰዓታት በፊት ጣፋጭ የሚያስመኝ ደረጃ አለው፡፡ ሰውየው ያምረዋል፣ ይበላል፣ ከዚያ ያመዋል፤ ከዚያም ቸኮሌቱን ይከሳል፡፡ የቀደመው ሁሉ ምክንያት አይደለም፡፡

ልጅ ያቅበጠብጣል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1995 የቀድሞ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ ስኳር የልጆችን ጠባይ እንደማይለውጥ ደምድሟል፡፡ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የተደረገ ሙከራ ደግሞ የወላጅን ዓይን ራሱን ፈትኖታል፡፡ ለ35 ወንዶች ልጆች ስኳር የሌለው መጠጥ ተሰጠ፡፡ ለግማሾቹ እናቶች ግን "ልጅሽ ብዙ ስኳር ጠጥቷል" ተባሉ፡፡ እነዚያ እናቶች ልጃቸው ሲቅበጠበጥ "አዩ"፡፡ ልደት ላይ የሚያቅበጠብጠው ልደቱ ነው፡፡ ሆኖም አንድ ነገር አይዘንጋ፡፡ 100 ግራም ጠቆር ያለ ቸኮሌት 80 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን አለው፡፡ ይህ ከአንድ ስኒ ቡና ጋር የሚቀራረብ ነው፡፡ ለልጅ ማታ ማታ የሚሰጥ አይደለም፡፡

ምስጋናዎቹ

ልብና ደም ግፊት፡፡ የዚህ ምስጋና መነሻ በፓናማ የባህር ዳርቻ በሳን ብላስ ደሴቶች የሚኖሩት የኩና ሕዝቦች ናቸው፡፡ የሃርቫርዱ ሐኪም ኖርማን ሆለንበርግ በ1990ዎቹ እንዳመለከቱት፣ በደሴቱ የሚኖሩት ሰዎች ግፊት ከዕድሜ ጋር ሲጨምር አይታይም፤ ወደ ፓናማ ከተማ የገቡት ግን እንደ ሌላው ሰው ግፊታቸው ይጨምራል፡፡ የደሴቱ ሰዎች ካካዎ አብዝተው ይጠጣሉና ምክንያቱ እሱ ይሆን የሚል ጥያቄ ተነሳ፡፡ ነገር ግን ከተማ የገባ ሰው የሚለውጠው መጠጡን ብቻ አይደለም፡፡ ምግቡ፣ ሥራው፣ ጭንቀቱና ጎረቤቱ ሁሉ ይለወጣል፡፡

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው በሥርዓት ተፈትኗል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ድርጅት 35 ሙከራዎችን አሰባስቦ ሲመዝን፣ ፍላቫኖል የበዛበት ካካዎ ግፊትን በአማካይ 1.8 ያህል ቁጥር ዝቅ እንደሚያደርግ አገኘ፡፡ ቅናሹ እውነት ነው፤ ግን ትንሽ ነው፡፡ አንድ የግፊት መድኃኒት በተለመደው መጠን የላይኛውን ቁጥር 9 ገደማ ዝቅ ያደርጋል፡፡

ትልቁ ፈተና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የወጣው ኮስሞስ የተባለው ጥናት ነው፡፡ በአሜሪካ 21,442 በዕድሜ የገፉ ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በቀን 500 ሚሊ ግራም የካካዎ ፍላቫኖል፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል እየዋጡ በአማካይ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ተከታትለዋቸዋል፡፡ አስቀድሞ በተያዘው ዋና ጥያቄ፣ ማለትም በጠቅላላ የልብና የደም ሥር አደጋዎች ላይ፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊገኝ ከሚችለው አላለፈም፡፡ ከእነዚህ አደጋዎች አንዱ በሆነው በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት ላይ ግን 27 በመቶ ቅናሽ ታይቷል፡፡ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ጉዳዩን ግን አይዘጋውም፡፡ ከወጪው የተወሰነውን የሸፈነው የማርስ ኩባንያ ነው፡፡ ይህም ጥናቱን ሐሰት አያደርገውም፤ ጥቅም ያለው ምስክር ግን በጥንቃቄ ይሰማል፡፡ ከሁሉ በላይ ልብ የሚባለው የተመረመረው እንክብል መሆኑ ነው፡፡ በዚህ ጥናት አንድም ሰው ቸኮሌት እንዲበላ አልታዘዘም፡፡

የስኳር በሽታ፡፡ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ያወጣው የሃርቫርድ ጥናት በሳምንት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ጥቁር ቸኮሌት የሚበሉ ሰዎች ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 21 በመቶ ያነሰ እንደሆነ ገልጿል፡፡ የወተት ቸኮሌት ግን ከክብደት መጨመር ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፡፡ ወሬው ይህን ይዞ "ጥቁር ቸኮሌት ስኳር ያድናል" ወደሚል ደረሰ፡፡ ጥናቱ እንደዚያ አላለም፡፡ ጥናቱ የሰዎችን የአመጋገብ ልማድ ለዓመታት የተከታተለ እንጂ ቸኮሌት ሰጥቶ የፈተነ አይደለም፤ ጥቁሩን የሚመርጥ ሰው በሌላውም አኗኗሩ ጥንቁቅ ሊሆን ይችላል፡፡ ጥናቱ ስለ መያዝ እንጂ ስለ መዳንም አይናገርም፡፡ አስቀድሞ ስኳር ያለበት ሰው የሚበላው ቸኮሌት ከዕለት የምግብ ስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት፡፡

እዚህ ላይ ሕይወት የሚነካ አንድ ስህተት መታረም ይገባዋል፡፡ የደም ስኳሩ በድንገት ለወረደበትና ላብ ላብ ብሎት ለሚንቀጠቀጥ ሰው ቸኮሌት መስጠት የተለመደ ነው፡፡ የቸኮሌቱ ስብ ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገየዋል፡፡ ሰውየው መዋጥ እስከቻለ ድረስ በውኃ የተበጠበጠ ስኳር፣ ማር ወይም የስኳር ለስላሳ ይሻለዋል፡፡ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይጨመርበት ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት፡፡

ደም ይሆናል፡፡ ጥቁር ቸኮሌት በርግጥም ብረት አለው፤ በ100 ግራም 12 ሚሊ ግራም ገደማ ይቆጠራል፡፡ ነገር ግን እንደ ሻይና ቡና ሁሉ በካካዎ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዙታል፡፡ ደም ማነስ ያለባት ነፍሰ ጡር ሴት የብረት ክኒኗን በቸኮሌት ብትተካ ራሷን ትጎዳለች፡፡

ያከሳል፡፡ ይህ ምስጋና ተንኮል ያለበት ታሪክ አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2015 ጆን ቦሃነን የተባለ የሳይንስ ጋዜጠኛ ከጀርመን የቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ጋር ሆኖ 16 ሰዎችን ቀጠረ፡፡ በሦስት ተከፍለው አንዱ ቡድን ከቀጭን አመጋገብ ጋር በቀን 42 ግራም ጥቁር ቸኮሌት እንዲበላ ተደረገ፡፡ ከሦስት ሳምንት በኋላ የቸኮሌቱ ቡድን ክብደት ከሌላው ቡድን በ10 በመቶ ፈጥኖ ቀነሰ ተባለ፡፡ ጽሑፉ ክፍያ የሚቀበል አንድ መጽሔት ላይ ታተመ፤ በብዙ አገሮችም ጋዜጦች ተቀባበሉት፡፡ ከዚያ ቦሃነን ራሱ ተንኮሉን ገለጠው፡፡ በ16 ሰዎች ላይ 18 የተለያዩ ነገሮችን ነበር የለኩት፡፡ አሥራ ስምንት ጊዜ ዕጣ የሚቆርጥ ሰው አንዱ ቢወጣለት አይደንቅም፡፡ ጋዜጠኞች ማጣራት እንዴት እንደተሳናቸው ለማሳየት የተሠራ ወጥመድ ነበር፡፡ ማጋለጡ ግን እንደ ወሬው አልተሰማም፡፡ የዘወትር እውነት ይኸው ነው፤ 100 ግራም ቸኮሌት ከ530 እስከ 600 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፡፡ ይህ ለአንድ ሙሉ ምግብ የሚበቃ ነው፡፡

አእምሮ ይስላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 የልብ ሐኪሙ ፍራንዝ ሜሰርሊ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የ23 አገሮችን የቸኮሌት ፍጆታና የኖቤል ሽልማት ብዛት አነጻጽሮ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ አሳየ፡፡ ከላይ የተቀመጠችው ስዊዘርላንድ ነበረች፡፡ ጽሑፉ ፈገግታ የተቀላቀለበት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከልቡ ወሰደው፡፡ ሀብታም አገር ቸኮሌትም ይበላል፣ ዩኒቨርሲቲም ይገነባል፡፡ ሁለቱን የወለደው ሀብቱ ነው፡፡

ፍቅር ያነሳሳል፡፡ በካካዎ ውስጥ ፊኒልኤቲላሚን የተባለ ከደስታ ጋር የሚያያዝ ንጥረ ነገር አለ፡፡ ይሁንና ከአንጎል ከመድረሱ በፊት ሰውነት አብዛኛውን ሰባብሮ ይጨርሰዋል፡፡ ቸኮሌት የሚያስደስተው ጣዕሙ፣ ስኳሩና በአፍ ሙቀት የሚቀልጠው ቅቤው ነው፡፡ በፍቅር ስም መሰጠቱም የራሱን ድርሻ ይጨምራል፡፡

ብዙ ያልተወራላቸው

ክስና ምስጋናው ሲጮህ እውነተኛ ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች ተሸፍነዋል፡፡

የመጀመሪያው ካድሚየምና እርሳስ የተባሉት ከባድ ብረቶች ናቸው፡፡ ካድሚየም በአመዛኙ የካካዎ ዛፍ ከአፈር የሚስበው ሲሆን፣ እርሳስ ደግሞ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ከአቧራና ከመሳሰለው ይገባል፡፡ ኮንስዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ 28 ጥቁር ቸኮሌቶችን አስመርምሮ፣ በየቀኑ 28 ግራም ገደማ ቢበላ በ23ቱ ውስጥ ከሁለቱ የአንዱ መጠን አሳሳቢ እንደሚሆን ገልጿል፡፡ የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 ጀምሮ ለካድሚየም ጣሪያ አስቀምጧል፡፡ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካካዎ ባለው ቸኮሌት በኪሎ ከ0.80 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይላል፡፡ ለጤና ብሎ በየቀኑ ጥቁሩን የሚበላ ሰው፣ ካካዎ በበዛ ቁጥር እነዚህም ሊበዙ እንደሚችሉ ማወቅ አለበት፡፡ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ደግሞ ጥንቃቄው ይበረታል፡፡

ሁለተኛው የተደበቀ ወተት ነው፡፡ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ወተት አለበት ያልተባሉ 88 ጥቁር ቸኮሌቶችን መርምሮ በ51ዱ ውስጥ ወተት ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ2015 አስታውቋል፡፡ ወተት የማይስማማው አለርጂክ ላለበት ልጅ ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው፡፡ "ጥቁሩ ፆም ነው" እያሉ ለሚበሉ ፆመኞችም ዜና ነው፡፡ የኅሊናውን ጉዳይ ለፆመኛውና ለንስሐ አባቱ እተዋለሁ፡፡

ሦስተኛው የቤት ውሻ ነው፡፡ ካካዎ ቴዎብሮሚን የተባለ አነቃቂ አለው፡፡ ሰው በቶሎ ያስወግደዋል፤ ውሻ ግን አይችልም፡፡ ጠቆር ያለ ቸኮሌት ለትንሽ ውሻ መርዝ ነው፡፡

ሕግ የሚደርስበትና የማይደርስበት

የጤና ምስጋናውን ጥቅል ላይ ለመጻፍ የፈለጉ ሰዎች ምን እንዳጋጠማቸው ማየቱ ትምህርት ይሰጣል፡፡ ባሪ ካሌቦ የተባለው ግዙፍ የካካዎ ኩባንያ ለአውሮፓ ኅብረት አመልክቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈቅዶለታል፡፡ የተፈቀደው ግን በቀን 200 ሚሊ ግራም የካካዎ ፍላቫኖል የደም ሥሮች የመለጠጥ አቅማቸውን እንዲጠብቁ ያግዛል የሚል ጠባብ አነጋገር ነው፡፡ ፍላቫኖሉ ተጠብቆ የተዘጋጀውን ምርት እንጂ ማንኛውንም ቸኮሌት አይመለከትም፡፡ ያው ኩባንያ ለአሜሪካም አመለከተ፡፡ የአሜሪካው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በሰጠው መልስ ማስረጃው እጅግ ውስን መሆኑ አብሮ እንዲጻፍ አዘዘ፤ ፈቃዱንም ቢያንስ 4 በመቶ ፍላቫኖል ባለው ልዩ የካካዎ ዱቄት ብቻ ወሰነ፡፡ ተራ የካካዎ ዱቄትና ቸኮሌት በግልጽ ከፈቃዱ ውጭ ሆኑ፡፡

ከዚህ ያለፈ ሰው ይጠየቃል፡፡ ኑቴላን የሚያመርተው ፌሬሮ ምርቱን የተመጣጠነ የልጆች ቁርስ አካል አድርጎ በማስተዋወቁ አሜሪካ ውስጥ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2012 ጉዳዩን ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ በስምምነት ጨርሷል፡፡ ከሚቀባው ውስጥ ከግማሽ በላይ ስኳር መሆኑን ያላወቀች እናት ናት ክሱን ያስጀመረችው፡፡

በእኛም አገር መሠረቱ ተጥሏል፡፡ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል፡፡ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፡፡

ነገር ግን እነዚህ ሕጎች ሁሉ የሚይዙት ፊርማ ያለበትን ቃል ነው፡፡ ጥቅሉን፣ ማስታወቂያውን፣ ሻጩን ይይዛሉ፡፡ ወሬን የሚይዝ የለም፡፡ ቸኮሌት ሻጭ "ልብ ያድናል" ብሎ ቢጽፍ ይጠየቃል፤ ጋዜጣውና ጎረቤቱ በነፃ ሲጽፉለትና ሲያወሩለት ግን እሱ ዝም ብሎ መሸጥ ነው፡፡ በቸኮሌት ጉዳይ የሆነውም ይኸው ነው፡፡ ጥናቱ ስለ እንክብል ይወጣል፤ ወሬው ስለ ቸኮሌት ይነገራል፤ ገንዘቡ ለጣፋጩ ይከፈላል፡፡ ባለሥልጣናቱ "ይህ ተራውን ቸኮሌት አይመለከትም" ብለው የጻፉት ዓረፍተ ነገር መንገድ ላይ ይጠፋል፡፡

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ቸኮሌት የሚወድ ሰው ይብላ፡፡ ለጣዕሙ ብሎ ትንሽ ቸኮሌት የሚበላ ጤነኛ ሰው የሚሰጋበት ምክንያት የለም፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም ዝቅ እንዲል ይመክራል፡፡ 100 ግራም የወተት ቸኮሌት ብቻውን 50 ግራም ገደማ ስኳር አለው፡፡ ሻዩና ለስላሳው ገና አልተቆጠሩም፡፡

ሲገዛ ከፊት ለፊቱ ጽሑፍ ይልቅ የጀርባው ይነበብ፡፡ የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ብዛት ካለው ወደሌለው ስለሚሄድ፣ ስኳር ከመጀመሪያ ከተጻፈ የተገዛው በዋናነት ስኳር ነው፡፡ ካካዎው በአልካሊ የታሸ ከሆነም ብዙ ጊዜ እዚያው ይገለጻል፡፡ ለልጅ ከሆነ በምግብ ሰዓት ይሰጥ፤ ጥርሱም ይቦረሽ፡፡

የታመመ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን በቸኮሌት አይተካ፡፡ ከውጭ ዘመድ የላከላት እናት ስጦታውን በደስታ ትቀበል፤ የግፊት ክኒኗንም በሰዓቱ ትዋጥ፡፡ አንዱ ፍቅር ነው፣ ሌላው ሕክምና ነው፡፡ ሁለቱም ያስፈልጓታል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ ከያዘ ግን የምትጎዳው እሷ ናት፡፡

አበው ማር ሲበዛ ይመራል ያሉት ቸኮሌት ሳያውቁ ነው፡፡